ካፒታል ነው ወይስ አስተሳሰብ? ለደብረ ማርቆሷ ልብስ ሰፊ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። ደብረ ማርቆስ ልብስ ስፌት ከከፈትሽ 5 ዓመት ሆኖሻል። በአንድ ማሽን ጀመርሽ፣ ዛሬም ያለሽ ያው አንድ ማሽን ነው። ወንድምሽ «ችግርሽ አስተሳሰብሽ ነው» ይልሻል፣ አንቺ ደግሞ «ካፒታል ቢኖረኝ እኮ» ትያለሽ። ማን ልክ ነው ብለሽ ጠየቅሽን። ከሥር የተሰጡሽን መልሶች አነበብኳቸው። «ራስሽን እመኚ»፣ «ትልቅ አስቢ» የሚሉ ናቸው። ክፋት የላቸውም። ግን ነገ ጠዋት ሱቅሽን ስትከፍቺ ምን እንደምታደርጊ አይነግሩሽም። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝና የራሴን ልንገርሽ።

ፍኖተ ሰላም የብረታ ብረት ቤት አለኝ። በ2006 አንድ የብየዳ ማሽንና አንድ የብረት መቁረጫ ግራይንደር ይዤ ጀመርኩ። የግቢ በር፣ መስኮት፣ አልፎ አልፎ አልጋ እሠራ ነበር። 4 ዓመት ሙሉ እዚያው ነበርኩ። ጠዋት 2 ሰዓት እከፍታለሁ፣ በርጩማዬን ደጃፍ ላይ አወጣለሁ፣ ቡና ይመጣልኛል፣ ሰው እጠብቃለሁ። ቤት የሚሠራ ሰው ከመጣ እሠራለሁ። ካልመጣ «ገበያው ቀዝቅዟል» እላለሁ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ቤት የሚሠራ የለም፣ ተበድሬ እበላለሁ። ከዚያ ጥቅምት ይጠባና በጋውን በሙሉ የክረምቱን ዕዳ ስከፍል እከርማለሁ። በየዓመቱ ይኸው። ያኔ ብትጠይቂኝ እኔም ያንቺኑ መልስ ነበር የምሰጥሽ። ካፒታል ብቻ።

ታዲያ ካፒታሉ መጣ። በ2010 ዕቁብ ወጣልኝና ሁለተኛ የብየዳ ማሽን ገዛሁ። ምን ተለወጠ መሰለሽ? ምንም። ማሽኑ ለ7 ወር ላስቲክ ለብሶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ማሽን፣ አንድ በርጩማ፣ ያው ጥበቃ። ይህን የምነግርሽ ካፒታል አያስፈልግም ለማለት አይደለም፣ ያስፈልጋል። ግን ገንዘቡ ሲመጣ የሚሄድበት ሥራ ቀድሞ መኖር አለበት። እኔ ጋ አልነበረም።

በ2011 ኅዳር ላይ ከጃቢ ጠህናን ገጠር አንድ ሽማግሌ መጡ። ቁምጣቸውን ታጥቀው፣ ጋቢ ደርበው፣ በእጅ የሚሽከረከር የተሰበረ የበቆሎ መፈልፈያ ይዘው። እጀታው ተገንጥሏል። በየድኩላቸው። ሊሄዱ ሲሉ «አንተ ልጅ፣ ይኸን ራስህ አትሠራውም?» አሉኝ። «አባቴ፣ የእኛ ሥራ በርና መስኮት ነው» አልኳቸው። መፈልፈያውን ከፍ አድርገው አሳዩኝና «ይኸስ ብረት አይደለም?» ብለውኝ ሄዱ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ የምኖረው የጎጃም በቆሎ መሀል ነው። ቡሬ በል፣ ወምበርማ በል፣ ሜጫ በል፣ ሁሉም በቆሎ ነው። በየዓመቱ ኅዳርና ታኅሣሥ በሱቄ ፊት በአህያና በጋሪ ሲያልፍ እያየሁ 4 ዓመት «ሥራ የለም» እያልኩ ተቀምጫለሁ። በሳምንቱ የሽማግሌው ሰፈር ድረስ ሄድኩ። ሰው ሥራ አምጣልኝ ሳይለኝ ከሱቄ ወጥቼ ሥራ ፍለጋ የሄድኩበት የመጀመሪያ ቀን ይህ ነው። ሴቶቹና ልጆቹ በቆሎውን ጆንያ ውስጥ አድርገው በዱላ ይቀጠቅጣሉ። የቀረውን በእጅ ይፈለፍላሉ። አንዲት እናት አውራ ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለዋል፣ ቆዳው ተልጦ። ስንት ቀን እንደሚፈጅባቸው፣ የተፈለፈለው ስንት ኩንታል እንደሆነ፣ ለሠራተኛ ስንት እንደሚከፍሉ ጠየቅሁ። በደብተር ጻፍኩ።

ተመልሼ በሞተር የሚሠራ መፈልፈያ ሠራሁ። ጥር ላይ ለእኚያው ሽማግሌ ሰጠኋቸው፣ ግማሹን ከፍለው ግማሹን ሲሠራ ሊከፍሉ። በ4ኛው ቀን መጡ። ከጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን በቆሎ ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። ግማሹ ተፈርክሷል። «ይኸ ጎተራ ሲገባ ነቀዝ ስንት ቀን ይምረዋል?» አሉኝ።

አፌ ላይ ቀድሞ የመጣው ምን እንደሆነ ልንገርሽ። «ሳይደርቅ ፈልፍላችሁት ይሆናላ!» ነው ያልኩት። እውነት ነው፣ እርጥብ በቆሎ ይሰበራል። እሳቸው ግን አልተናደዱም። አንዷን ፍሬ አነሱና በጥርሳቸው ነከሷት። ቀጭ አለች። «ሰማህ?» አሉኝ። ደርቋል። አፈርኩ።

ወንድምሽ አስተሳሰብ የሚለው ነገር እኔ ቤት የታየው እዚያች ደቂቃ ላይ ነው። «ሳይደርቅ ነው» ባልኩት ብጸና ኖሮ ቀሪ ብሬን አጥቼ፣ «ገበሬ አያውቅም» ብዬ ወደ በርጩማዬ እመለስ ነበር። እውነቴን ነው፣ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። በማግሥቱ ከሽማግሌው ጋር ሄድኩና ማሽኑ ሲሠራ ቆሜ አየሁት። ጥፋቱ የራሴ ነበር። በቆሎውን የሚፈለፍለው ከበሮ ላይ ያሰርኩት ፑሊ (ቺንጋው የሚዞርበት መዘውር) ትንሽ ስለሆነ ከሚገባው በላይ ይፈጥናል፣ በከበሮውና በወንፊቱ መሀል ያለው ክፍተትም ጠባብ ስለሆነ ፍሬውን ይጨፈልቀዋል። ትልቅ ፑሊ ቀየርኩ፣ ክፍተቱን አሰፋሁ፣ ቺንጋውን አስተካከልኩ። በቀጣዩ ዓመት 9 ሸጥኩ። የገዙት በሙሉ የእሳቸው ጎረቤቶችና ዘመዶች ናቸው። ደግሞ ትልቁ ነገር፣ ለኅዳር የሚሸጠውን ክረምት ላይ ስለምሠራው ያ የክረምት ብድር ቀረልኝ። ሁለተኛው ማሽንም ላስቲኩን አወለቀ።

ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር ለጥቂት ቀን ሥልጠና ገብቼ ነበር። አሠልጣኙ ስለ አንድ ጥናት ነገረን፣ በኋላ ራሴም ፈልጌ አየሁት። ቶጎ ውስጥ፣ ሎሜ ከተማ፣ 1,500 ጥቃቅን ነጋዴዎችን በሦስት ከፈሏቸው። አንዱን ቡድን የተለመደውን አስተማሩት፣ ሒሳብ አያያዝ፣ ገበያ ጥናት፣ የመሳሰለውን። ሁለተኛውን ቀድሞ መነሳትን አስተማሩት፤ ሳይጠሩት መሄድ፣ የሚመጣውን ማየት፣ እንቅፋት ሲገጥም አለመተው። ሦስተኛው ምንም አልተማረም። ውጤቱ በ2017 እንደ ፈረንጆቹ ታተመ። ቀድሞ መነሳትን የተማሩት ትርፋቸው ምንም ካልተማሩት ጋር ሲነጻጸር 30 በመቶ አደገ። ሒሳብ የተማሩት ያገኙት ጭማሪ 11 በመቶ ነው፣ እሱም በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ተመራማሪዎቹ እርግጠኛ ሆነው አልቆጠሩትም። ስሰማው የሽማግሌው «ይኸስ ብረት አይደለም?» ትዝ አለኝ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ስፌት አላውቅም፣ ስለዚህ ከተሳሳትኩ አርሚኝ። ግን ማርቆስ ስንት ትምህርት ቤት አለ? ተማሪው መስከረም ዩኒፎርም ለብሶ መገኘት አለበት። ጨርቁ የሚመረጠውም ዋጋው የሚቆረጠውም ክረምት ላይ ነው። አንቺ መስከረም ላይ ማሽንሽ ጋ ተቀምጠሽ እናት ልጇን ይዛ እስክትመጣ ከጠበቅሽ፣ የሚደርስሽ እጅጌ ማሳጠርና ዚፕ መቀየር ነው። ሰኔ ላይ አንድ ናሙና ሰፍተሽ፣ በወረቀት ጠቅልለሽ ርእሰ መምህሩ ጋ ብትሄጂስ? አንዱ ይመልስሽ። ሁለተኛውም ይመልስሽ። ለምን እንደመለሱሽ ግን ጠይቂና ጻፊ። «አምና የወሰደው ሰው አዘገየብን» ይሉሽ ይሆናል። «ጨርቁ በሦስት ወር ተልፈሰፈሰ» ይሉሽ ይሆናል። መልሱ ውስጥ ነው ሥራሽ ያለው።

«100 ዩኒፎርም በአንድ ማሽን እንዴት?» ትይኛለሽ። ቀብድ ትቀበያለሽ፣ ጨርቁን በቀብዱ ትገዢያለሽ። የምትይው ካፒታል አንዱ በር ይሄ ነው፣ የደንበኛው ገንዘብ። ማሽኑን ደግሞ እይው። ማርቆስ ውስጥ እንዳንቺ አንድ ማሽን ይዘው ሰው የሚጠብቁ ስንት ሴቶች አሉ? አንቺ ቁረጪ፣ እነሱ ይስፉ፣ በሰፉት ልብስ ቁጥር ክፈያቸው። ካላወቅሻቸው ዕድርሽ ውስጥ ጠይቂ፣ ሦስት አታጪም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር። እኔ ለረጅም ጊዜ ሠራተኛ አላስተምርም ነበር። «ሙያዬን ይዞብኝ ይሄዳል፣ አጠገቤ ይከፍታል» እል ነበር። ብየዳው በእኔ እጅ፣ ልኩም በእኔ እጅ። የሰው ለቅሶ ስደርስ ሱቁ ይዘጋል። በኋላ ሳልወድ በግዴ፣ ትእዛዝ ሲበዛብኝ፣ ሁለት ልጆች አስተማርኩ። አንደኛው እንደፈራሁት ወጣና ጅጋ ላይ ከፈተ። ይኸው ዛሬ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ሥራ የሚልክልኝ እሱ ነው።

ሌላም ክፉ ነገር አለ፣ እኛ አገር በቀላሉ የማይነገር። እኔ ብረት ልሠራ ስል አያቴ አልቅሰዋል። «ባለ እጅ ልትሆን ነው?» ብለው። ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸማ የሚሠራ፣ ሸክላ የሚሠራ እንዴት እንደሚጠራ ጎጃም ያደግን ሁሉ እናውቀዋለን። አጼ ምኒልክ እንኳ ሠራተኛን በሥራው አትስደቡ ብለው በአዋጅ አስነግረዋል፣ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ኖረ። ይህ ነገር ቢዝነስን እንዴት እንደሚያቀጭጭ እኔ ላይ አይቻለሁ። በሙያዬ ስለማፍር ለሥራዬ ተገቢውን ዋጋ አልጠይቅም ነበር። ደንበኛ «ቀንስ» ሲል ወዲያው እቀንሳለሁ። የብረቱን ዋጋ እደምራለሁ፣ የእጄን ግን አልቆጥረውም። ስፌትም «ምንም ያልሆነላት ሴት የምትይዘው» እየተባለ ይናቃል፣ አንቺም ሳትሰሚው አልቀረሽም። የእጅሽን ዋጋ ከጨርቁ ለይተሽ ጻፊው። እባክሽ።

አሁን ደግሞ ለወንድምሽ። ወንድሜ፣ አስተሳሰብ ሁሉን አይፈታም። መብራት ሲጠፋ በአስተሳሰብ አይበየድም። መንገድ ሲዘጋ ከአዲስ አበባ ላሜራ አይመጣም። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ጎጃም ውስጥ ሠርቶ መብላት ምን እንደነበረ አንተም እህትህም ታውቁታላችሁ፣ ኢንተርኔቱ ለወራት ሲጠፋ፣ ገበሬው እህሉን ይዞ ገበያ መውጣት ሲያቅተው። በዚያ ጊዜ ሱቃቸውን የዘጉ ከእኔ የበለጡ ሠራተኞች ነበሩ። እነሱን «አስተሳሰባችሁ ነው» የሚል ሰው በደል ይሠራል። እህትህንም እንዲህ እያልክ አታድክማት፣ ይልቅ ሰኔ ላይ ናሙናውን ይዛ ስትሄድ አብረሃት ሂድ።

እኔም ብሆን ሁሌ አልነቃሁም። በ2016 ሐምሌ ብር ተንሳፈፈ፣ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል የ11 መፈልፈያ ቀብድ በድሮው ዋጋ ይዤ ነበር። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብረቱም አብሮ ወጣ። እኔ ምን አደረግሁ? «ይወርዳል» ብዬ ጠበቅሁ። ተመልሼ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ ማለት ነው። አልወረደም። ጭራሽ ጨመረ። ገበሬዎቹን ሰብስቤ እውነቱን ነገርኳቸው። ግማሾቹ ጭማሪውን ተካፈሉኝ፣ ለቀሩት በኪሳራ ሠርቼ አስረከብኩ። ዛሬ ቀብድ የተቀበልኩ ቀን፣ ማታ ሳይደርስ፣ ብረቱን እገዛለሁ። አንቺም ጨርቁን እንደዚያው አድርጊ፣ አንድ ቀን አታሳድሪው።

ካፒታሉን በተመለከተ ብድር አትውሰጂ አልልሽም። ትእዛዙን በእጅሽ ይዘሽ ሂጂ ነው የምልሽ። እንደ እኔ ሁለተኛ ማሽን ገዝተሽ ላስቲክ አልብሰሽ እንዳታስቀምጪው ነው ፍርሃቴ።

ነገ አንድ ደብተር ግዢ። ያለፈው ወር ሱቅሽ ገብተው ሳያሠሩ የወጡትን ሰዎች የምታስታውሺውን ያህል ጻፊ፣ ምን ፈልገው እንደነበር፣ ለምን እንደወጡ። ከዚያ ደግሞ በቅርብሽ ካሉት ሦስት ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርም ማን እንደሚሰፋላቸው ጠይቂ። የነገሩሽን እዚሁ ጻፊልን፣ እኔም ሌሎቹም እናየዋለን። ናሙናውን ለመስፋት የጨርቅ ችግር ካለብሽ በውስጥ መስመር ንገሪኝ፣ ማርቆስ ጨርቅ የሚሸጥ ዘመድ አለኝ።