ኦልድ ቦይን ለምትኮርጁ ልጆች

እኔ እንግዲህ ዕድሜዬን የጨረስኩት ፊልም ኤዲት ሳደርግ ነው። አሁን አሁን ሥራ ይዘውልኝ ከሚመጡ ወጣቶች ብዙዎቹ «ጋሼ፣ የኦልድ ቦይን ዓይነት ፍልሚያ ቀርፀናል» ይሉኛል። ያንን የኮሪያ የበቀል ፊልም ማለታቸው ነው፤ ኮሪደር፣ መዶሻ፣ ደም። ሰውዬው ለምንድነው የሚደባደበው ስላቸው እርስ በርስ ይተያያሉ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጃፓን ማንጋ (በሥዕል ከሚተረክ መጽሐፍ) ነው። ጋሮን ቱቺያ ጻፈው፣ ኖቡአኪ ሚኔጊሺ ሣለው፤ ከ1996 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ወጥቶ 8 ቅጽ ሆነ። አንድ ሰው ማን እንዳሰረው፣ ለምን እንዳሰረው ሳይነገረው 10 ዓመት ተዘግቶበት ይኖርና አንድ ቀን ይለቀቃል። የፊልሙን ደም አስባችሁ ከከፈታችሁት ትገረማላችሁ፤ ሰውዬው ብዙውን ጊዜ ይሄዳል፣ ይጠጣል፣ ያስባል። በእስሩ ዘመን ሲመጣለት የኖረውን ምግብ ጣዕም ይዞ ምግብ ቤቱን ፍለጋ የሚዞርበት ቦታ አለ፤ እኔን የያዘኝ እሱ ነው።

ዳይሬክተሩ ፓርክ ቻን ዉክ በ2003 ታሪኩን ወደ ኮሪያ ወሰደው። እስሩን 15 ዓመት አደረገው፣ የቂሙንም ምክንያት ቀየረው። ማንጋው ላይ ቂሙ ከልጅነት፣ ከትምህርት ቤት የመጣ ነው፤ ለሌላ ሰው ኢምንት የሚመስል ነገር። ፓርክ ግን በጣም የሚከብድ ምሥጢር አስገባበት (ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብላችሁ እንዳታዩት)። ያ የኮሪደር ፍልሚያም የሚሠራው ይሄ ሁሉ ከኋላው ስላለ ነው። ወደ 3 ደቂቃ ገደማ ሳይቆረጥ ይሄዳል፣ ካሜራው ከጎን ሆኖ ይከተላል። ልብ ብላችሁ እዩት፤ ሰውዬው ይወድቃል፣ ጀርባው ላይ ቢላ ተሰክቶ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ የሚገጥሙትም ሰዎች ይደክማቸዋል፣ ግማሾቹ ቆመው ያመነታሉ። ለእኔ ቢጤ ኤዲተር እዚያ የሚሠራ ሥራ የለም፤ ደግሞም እሰየው። ፊልሙ በ2004 በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ግራንድ ፕሪ የሚባለውን፣ ሁለተኛውን ትልቅ ሽልማት ወሰደ።

ከዚያ ዳይሬክተሩ ስፓይክ ሊ በ2013 በአሜሪካ ሠራው። እስሩ 20 ዓመት ሆነ፤ ኮሪደሩም መዶሻውም አሉ፣ ያ ድካም ግን የለም። ገበያውም ከሰረ። ሊ ያዘጋጀው ቅጂ ረዘም ያለ ነበር፣ አሳጠሩበት፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ እሱ ላይ አልጭንም።

ቀጣዩን ሥራ ስታመጡልኝ እንግዲህ ድብድቡን ወደ ኋላ አቆዩት። መጀመሪያ ስለ ቂሙ ንገሩኝ፤ ማን ማንን፣ መቼ፣ ምን አድርጎት። የደሙን ቀለም እኔው አስተካክለዋለሁ።