ሴትዮዋ በር ላይ ቀረች

«ጋሼ» ብለህ የጻፍክልኝ የኮምቦልቻው ልጅ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። አካውንቲንግ ጨርሰህ ስምንት ወር ቤት ተቀምጠሃል። በዘመድ በኩል የመጡ ጀርመናዊ ባልና ሚስት ደሴና ሐይቅ አዙረህ ጥሩ ከፈሉህ። አሁን አስጎብኚ ልሁን ወይስ አባቴ እንዳለው የባንክ ፈተና ልጠብቅ ትለኛለህ። እኔን የያዘችኝ ግን በመሃል ጣል ያደረግካት ነገር ናት። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በር ላይ ሴት አይገባም ተባለ፣ ባልየው ገባ፣ ሚስትየው ፀሐይ ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። «እኔም አላውቅም ነበር፣ ሲከፍሉኝ አፈርኩ» ብለሃል።

ማፈርህ ደግ ነው።

ሥራው እኮ እሱን ቀድሞ ማወቅ ነው። እንግሊዝኛህ ይሰባበራል ብለህ አትጨነቅ፣ የእነሱም ይሰባበራል። በሩ ላይ የሚሆነውን ቁርስ ላይ ብትነግራት ኖሮ ሐይቁ ዳር ዓሣዋን እየበላች ትቆይ ነበር። ባልየውስ ገብቶ ምን አየ? ቦታው ድሮ ደሴት እንደነበር፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ እንዳስተማሩ ካልነገርከው ዛፍና ግድግዳ ነው ያየው። ደግሞ «ደሴ ብዙም የሚታይ ስለሌለ በመኪና አለፍን» ትላለህ! አይጠየፍን አልፈህ? ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው፣ ስሙን ብቻ ብትተረጉምላቸው ግማሽ ሰዓት ያስወራል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገትስ? በዚያ ጠመዝማዛ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ስትወጡ ቆም ብላችሁ ኮምቦልቻን ቁልቁል ብታዩዋት ምን ነበረበት?

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ታሪክ ሳስተምር ክረምት ክረምት እንግዳ እይዝ ነበር። አንዱን ሽማግሌ ባቲ ገበያ ብዬ ማክሰኞ ወሰድኩት። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ባዶ ሜዳና ሁለት ፍየል አይተን ተመለስን፣ ሰውየው ፍየሎቹን ፎቶ አነሳ። ከዚያ ወዲህ ቀድሜ ሳልጠይቅ እግሬን አላነሳም።

አባትህ «ፈረንጅ ማዞር ሥራ ነው?» ካሉ፣ ያልወጣ ፈተና እየጠበቁ ስምንት ወር መቀመጥስ ሥራ ነው ወይ በላቸው፣ በአክብሮት። አንተም ግን አትሞኝ። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ እንግዳው ሳስቷል፣ የደሴ ሙዚየም እንኳ ተዘርፏል። በስምንት ወር የመጣልህ አንድ ጥንድ ነው፣ በእሱ ቤት ኪራይ አይከፈልም። ስለዚህ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሆቴሎች ሂሳብ ክፍል ማመልከቻ አስገባ። ደሞዙ ትንሽ ነው፣ እንግዳው ግን እዚያው በርህ ላይ ያድራል፣ በዕረፍት ቀንህ ታዞረዋለህ። ፈቃዱን ከባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቅ።

ለጊዜው የፊታችን ቅዳሜ ብቻህን ሐይቅ ሂድ። ደብተር ያዝ። ማን ይገባል፣ ጫማ የት ይወልቃል፣ ፎቶ ይፈቀዳል ወይ፣ በስንት ሰዓት ይዘጋል፣ አባቶችን ጠይቅ። ማታ ስትመለስ ለሴትዮዋ ይቅርታ ብለህ ጻፍላት።