ቀጭን ብሎን ላይ ጥርስ ለምታወጡ ወጣት የቶርኖ ባለሙያዎች

ልጆቼ፣

ከቴክኒክና ሙያ ተቋም ወጥታችሁ ብረት እያሽከረከረ በሚቆርጠው ማሽን፣ በቶርኖ ላይ በቆማችሁ ሰሞን፣ በ30 ሚሊሜትር ዘንግ ላይ ያወጣችሁት ጥርስ ዳዶውን ያለ ቅሬታ ሲቀበል ደስ ይላችኋል። ይገባችኋልም። ይሁን እንጂ አንድ ቀን ልብስ ሰፊው የሲንጀር መኪናውን ብሎን በወረቀት ጠቅልሎ ይመጣል፤ ወይም የላቦራቶሪ ሠራተኛ ከማይክሮስኮፑ የወደቀች ብሎን ጠፍታበት፣ የቀዳዳዋን ልክ ብቻ ይዞ ይመጣል። ያን ጊዜ በትልቁ ዘንግ ካካበታችሁት ልምድ የሚጠቅማችሁ ግማሹ ነው። የምጽፍላችሁ ስለ ቀሪው ግማሽ ነው።

ማሽኑን ከማስነሣታችሁ በፊት ብሎኑ የየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ እወቁ። ትንሽ ነገር ሁሉ ሜትሪክ ይመስላል። በብዙ ሲንጀሮች ላይ የጨርቅ መጫኛውን እግር የሚያስረው ብሎን ግን ውፍረቱ 9/64 ኢንች፣ ጥርሱም በኢንች 40 ነው፤ በሚሊሜትር 3.57 ውፍረትና 0.635 ፒች (ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) ማለት ነው። በልክ የሚቀርበው ሜትሪክ ኤም 3.5 (ውፍረቱ 3.5 ሚሊሜትር) ሲሆን ፒቹ 0.6 ነው። ብታስገቡት ጥቂት ዙር በደስታ ይሄዳል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ልዩነቱ በአንድ ጥርስ 0.035 ብቻ ቢሆንም በ10 ጥርስ 0.35 ይደርሳል፤ ይህም ከግማሽ ጥርስ ያልፋል። «ትንሽ ብገፋው ይገባል» የሚል ጉልበተኛ የመኪናዋን የውስጥ ጥርስ ይዞት ይወጣል፤ የ1 ብሎን ሥራ የነበረው የመኪና ጥገና ይሆናል።

ከቆዩ የእንግሊዝ ሥሪት የመለኪያ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ደግሞ ቢ.ኤ. (ብሪቲሽ አሶሲዬሽን) በሚባለው የብሎን ጥርስ ሥርዓት የተሠሩ ናቸው። መሠረቱ የስዊዘርላንዱ የቱሪ ሥርዓት ነው። ዜሮ ቁጥሩ 6 ሚሊሜትር ውፍረትና 1 ሚሊሜትር ፒች አለው፤ ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱ ቁጥር ፒች የቀደመው 0.9 እጅ ነው። የጥርሱ ማዕዘን 47.5 ዲግሪ ስለሆነ በ60 ዲግሪ የተሳለ መቁረጫ አያገለግለውም። የፒች መለኪያ ቅጠሉን (የጥርስ ልክ የተቀረጸበትን ስስ ብረት) ብሎኑ ላይ አስደግፋችሁ በብርሃን ፊት በማጉያ መነጽር ተመልከቱ፤ ብርሃን በጥርሱ ጎን ሾልኮ ከታየ ቤተሰቡ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ቀጭን ዘንግ ከመቁረጫው ይሸሻል። ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ፣ ርዝመቱና የሚገፋው ኃይል ሳይለወጡ፣ 16 እጥፍ ይጎብጣል። ከቸኩ (ዘንጉን ጨብጦ ከሚያዞረው መያዣ) የወጣው ርዝመት እጥፍ ሲሆን ደግሞ 8 እጥፍ ይጎብጣል። ኤም 2 ብሎንን ውሰዱ፤ ፒቹ 0.4 ነው፣ ጥርሱ በአንድ ጎን ወደ 0.245 ይጠልቃል፣ ውስጡ የሚቀረው 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሥራው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ የመጀመሪያው ግትርነቱ ሢሶ ብቻ ይቀረዋል። መደወያው 0.05 ገባ ሲላችሁ ብረቱ ያን ያህል አልተቆረጠም፤ ከፊሉን ጎብጦ አምልጦታል። እናንተም ይህን አይታችሁ ትጨምራላችሁ፣ ድንገት መቁረጫው ይነክስና ብሎኑ ይሰበራል። ብረቱን አትውቀሱት።

ስለዚህ 2 ሚሊሜትር ዘንግ ቸክ ውስጥ አስራችሁ አትጀምሩ። ከ6 ሚሊሜትር ዘንግ ጀምሩ፤ ከቸኩ የሚወጣውም ለሥራው ከሚያስፈልገው አይብለጥ። ወደ 2 ሚሊሜትር ስታወርዱት እየፈሩ በብዙ ስስ ጉዞ መላጥ አያዋጣም። በአንድ ወይም በሁለት ጠለቅ ያለ ጉዞ ሲሆን መቁረጫው ምንጊዜም ወፍራሙ ብረት አጠገብ ስለሚቆርጥ ዘንጉ የሚደገፍበት አለው። ጥርሱን ስታወጡ ግን በተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ 0.05፣ ከዚያ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ምንም ሳትጨምሩ በዚያው ልክ ሁለት ሦስት ጊዜ መልሳችሁ አስኪዱት። በነዚያ ባዶ በሚመስሉ ጉዞዎች የሚወጣውን ፍቅፋቂ ብታዩ ምን ያህል ብረት ሸሽቶ እንደነበር ይገባችኋል።

የመቁረጫው ከፍታ ሌላው ጉዳይ ነው። በ20 ሚሊሜትር ዘንግ ላይ ከመሐል 0.1 ዝቅ ማለት ማንም አያየውም፤ በ2 ሚሊሜትር ላይ የራዲየሱ አንድ አሥረኛ ነው። ዘንጉ ገና ወፍራም ሳለ ቀጭን የብረት ማስመሪያ በመቁረጫው ጫፍና በዘንጉ መካከል በቀስታ ያዙ፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ከፍታው ልክ ነው፣ ወደ እናንተ ወይም ወደ ማዶ ካዘመመ አስተካክሉ። የመቁረጫውን ጫፍ ራሳችሁ ከኤችኤስኤስ (ከመቁረጫ ብረት) ሳሉት፣ በመሳያ ድንጋይም አጥሩት። ከ0.5 እስከ 1.5 ፒች ተብሎ የሚሸጠው የካርባይድ ጫፍ ለ0.35 አልተሠራም፤ ጠርዙም ቀጭኑን ብረት ከመቁረጥ ይልቅ ይገፋዋል።

ዳይ (ዘንግ ላይ ሲዞር ጥርስ የሚያወጣውን የብረት ቀለበት) መጠቀምን እንደ ውርደት የምታዩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በቶርኖው ጊር ያልወጣ ጥርስ ጥርስ አይደለም የሚል ኩራት ከየት እንደመጣ አይገባኝም። መደበኛ ኤም 2 ከሆነና ዳዩ ካላችሁ፣ ዘንጉን 1.95 አድርጋችሁ፣ ጫፉን ሸርፋችሁ፣ ዳዩን ከቸኩ ትይዩ ባለው ቴይልስቶክ ላይ በሚንሸራተት መያዣ አስራችሁ፣ ቸኩን በእጅ አዙሩ። ዘይት አትንፈጉት፤ በየግማሽ ዙሩም ወደ ኋላ መልሱት። በነጻ እጅ የተያዘ ዳይ ዘሞ ይገባል። ጊሩን ዳይ ለማይገኝለት አቆዩት፣ ለሲንጀሩ ብሎን ለምሳሌ።

በሜትሪክ ቶርኖ የኢንች ጥርስ ለማውጣት 127 ጥርስ ያለው ጊር ያስፈልጋል፤ 1 ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው፣ 127 ደግሞ የዚያ 5 እጥፍ ነው። ይህን ስታደርጉ የመሪውን ዘንግ (መቁረጫውን በጥርሱ ልክ የሚነዳውን ረጅም ብሎን) መያዣ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው አትክፈቱት፤ መቁረጫውን ወደ ኋላ ስባችሁ ማሽኑን በግልባጭ እያዞራችሁ ተመለሱ። በሜትሪክም ቢሆን አትዘናጉ። መሪው ዘንግ 6 ሚሊሜትር ፒች ካለው ለ0.5 እና ለ0.4 መያዣውን የትም ብትዘጉት ይገጥማል፣ 6 ለእነርሱ እኩል ይካፈላልና። ለ0.35 እና ለ0.45 ግን አይካፈልም፤ ከፍታችሁ ብትዘጉ ሁለተኛ ጥርስ በመጀመሪያው ላይ ትጽፋላችሁ።

መለካቱን አላረዝምም። የሚገባበት ዕቃ እጃችሁ ላይ ካለ ከእርሱ የተሻለ መለኪያ የለም። ስለዚህ ደንበኛው መኪናውን ቤቱ ትቶ ብሎን ብቻ ይዞ ከመጣ መልሳችሁ ላኩት። ቢያኮርፍም ይመለሳል።

ዋጋውን አስቀድማችሁ ንገሩ። «ለዚች?» ብሎ ብሎኑን በጣቱ ጫፍ ያሳያችኋል። የምታስከፍሉት ለብረቱ እንዳልሆነ፣ ጊር ለመቀየርና መቁረጫ ለመሳል ለሚሄደው ጊዜ እንደሆነ በትሕትና አስረዱት። ከተስማማ ሁለት ሥሩለት፤ ዝግጅቱ አንዴ ካለቀ ሁለተኛው ብዙ አያስለፋም። ቆርጣችሁ ስትጥሉት ከማሽኑ ሥር ነጭ ጨርቅ አንጥፉ፤ ናስ ከሆነ ማግኔት አያነሣውም፣ መጥረጊያ የያዘው ልጅም ከፍቅፋቂው አይለየውም።