ለወጣት አጥኚዎች፦ የተመለሱትስ?

ውድ ልጆቼ፣

ኩባንያዎች በፖለቲካ ውስጥ ምን ይሠራሉ የሚለውን ጥያቄ በዩኒቨርሲቲ ባጠናውም፣ ጥያቄው ያደረብኝ ከዚያ አስቀድሞ፣ ድሬዳዋ ከዚራ፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ በነበሩት በአባቴ ቤት ነው። ከተማችን ራሷ የኩባንያ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1894 አፄ ምኒልክ ለአማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የባቡር ፈቃድ ሐረርን ያለመ ነበር፤ ዳገቱን መውጣት ብዙ ወጪ የሚያስከትል ሆኖ ሲገኝ ግን ሐዲዱ ቆላውን ይዞ በ1902 መጨረሻ እዚህ ደረሰ። ገንዘብ ያጠረው ኩባንያ በዚያው ዓመት የፈረንሳይ መንግሥትን ድጎማ በመቀበሉ፣ ምኒልክ የባዕድ መንግሥት እጅ መግባቱን አልወደዱትም፤ ሐዲዱም ከድሬዳዋ ሳያልፍ ዓመታት ቆጠረ። ኩባንያው ከስሮ በሌላ ተተካ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ከአንዱ ቤተ መንግሥት ፊርማ፣ ከሌላው መንግሥት ገንዘብ የሚፈልግ ድርጅት በሁለት ወገን እንዴት እንደሚያዝ ከዚህ በላይ ያስተማረኝ የለም።

ወጣት አጥኚ መጀመሪያ የሚሮጠው ጉቦ ፍለጋ ነው፤ እኔም ሮጫለሁ። ጉቦ ግን ደረሰኝ የለውም፤ አብዛኛው የኩባንያዎች ፖለቲካም በጠራራ ፀሐይ የሚሠራ ነው፦ በማኅበር ስም አቤት ማለት፣ ጡረታ የወጣ ባለሥልጣንን የቦርድ አባል ማድረግ፣ በረቂቅ መመሪያ ላይ አስተያየት መስጠት። አሜሪካ በ1995 ባወጣችው ሕግ ሎቢስቶች፣ ማለትም ተከፍሏቸው ለሌላ ወገን ባለሥልጣናትን የሚያግባቡ ሰዎች፣ እንዲመዘገቡ ስላስገደደች እዚያ መዝገብ መቁጠር ይቻላል። መዝገብ በሌለበት ዘዴ ያስፈልጋል፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ፕሬዚዳንት ሱሃርቶ ታመሙ የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር፣ ለእሳቸው የቀረቡ ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ ከሌሎቹ ይበልጥ ይወርድ ነበር፤ ቅርበቱ ስንት እንደሚያወጣ ገበያው ራሱ ተናገረ።

በመጀመሪያ ጥናቴ የቀረጥ ቅናሽ ያገኙ ድርጅቶችን ብቻ ሰብስቤ፣ አቤት ያለ ያገኛል ብዬ ደመደምኩ። አማካሪዬ በኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የተመለሱትስ?» ብለው ጻፉ፤ ያቺ አንዲት ቃል ስድስት ወር መዝገብ ቤት አስቀመጠችኝ። እዚያም ውድቅ ከተደረጉት መካከል የሦስት ድርጅቶችን ማመልከቻ አገኘሁ። ማኅተማቸው የተለያየ ነው፤ ሦስቱም ግን ሁለተኛው አንቀጽ ላይ «ቀረጥ» የሚለውን «ቀርጥ» ብለው ስተዋል። ለየብቻ የቆሙ የመሰሉኝ ድርጅቶች ለካ አንድ ጸሐፊ ነበራቸው፤ እኔ በሦስት የቆጠርኩት አቤቱታም አንድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማመልከቻ ሲሰጠኝ ከይዘቱ በፊት የፊደል ግድፈቱን እፈልጋለሁ።