መልስ፦ እንስሳ ለሚወድ የ6 ዓመት ልጅ የሚሆን መጽሐፍ

እህቴ፣ እዚሁ ጎንደር ለ6 ዓመት ልጅሽ የእንስሳት መጽሐፍ ስትፈልጊ ያገኘሽው ሁሉ በእንግሊዝኛ እንደሆነ፣ ልጁም ሥዕሉን ብቻ አይቶ እንደሚዘጋው ጽፈሻል። የእኔም ልጅ እንዲሁ ነበረች።

ሥዕሉ ጥሩ ከሆነ ግዢው። አንቺ በአማርኛ ተርኪለት። ስትመርጪ ግን እንስሳው ምን እንደሚበላና የት እንደሚያድር የሚያሳየውን ውሰጂ። ኮፍያ አድርጎ የሚያወራ አንበሳ ለተረት ደስ ይላል፤ ስለ አንበሳ ግን ብዙ አያስተምርም።

ከዚያ የራሳችሁን መጽሐፍ ሥሩ። እኛ በአንድ ደብተር ጀመርን። የመጀመሪያው ገጽ ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ልጄ ወረቀቱ እስኪሳሳ ደጋግማ በከለር ቀባችው። ከሥሩ «ሣር በጣቱ እየነቀለ ይበላል» ብለን ጻፍን። ቀጥሎ ዋልያ መጣ። ከሰሜን ተራሮች ውጭ በዓለም ላይ በዱር የትም እንደማይገኝ ስነግራት «የኛ ብቻ ነው?» ብላ ዓይኗ በራ። አጥንት ከሰማይ ድንጋይ ላይ ጥሎ፣ ሰብሮ የሚበላውን ትልቅ አሞራማ በየማታው ነው የምታስደግመኝ።

እንስሳቱን በዓይኑ እንዲያይ ከፈለግሽ፣ የሰሜን ተራሮች መግቢያ የሆነችው ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ካልተመቸሽ የፋሲል መዋኛ ውሰጂው። የዛፎቹ ሥር ግንቡን እንዴት ጨብጦ እንደያዘው ቀረብ ብሎ ይየው። እዚያው ቁጭ ብሎ ይሳለው። ደብተርና እርሳስ እንዳትረሺ።