«ጋይ» እና «ጋይዝ»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአንድ ተራ የእንግሊዝኛ ቃል ዙሪያ ስለሆኑ አንድ ላይ ሰብስበናቸዋል።

እናቴን ይዤ ምግብ ቤት ስገባ አስተናጋጇ «ሃው አር ዩ ጋይዝ ዱዊንግ?» አለችን። እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ሁለታችንም ሴቶች ነን። ንቀት ነው? (ከቨርጂኒያ)

አይደለም። በአሜሪካ የዕለት ተዕለት ንግግር «ዩ ጋይዝ» ማለት «እናንተ» ማለት ነው፤ ዕድሜም ፆታም አይለይም። ነገሩ የመጣው እንግሊዝኛ የገዛ «አንተ»ውን ስላጣ ነው። ድሮ ለአንድ ሰው «ዛው»፣ ለብዙ ሰው «ዩ» ይባል ነበር። በኋላ ትልቅን ሰው በብዙ ቁጥር ማነጋገር ተለመደ፤ ከእኛ «እርስዎ» ጋር የሚቀራረብ ልማድ ነው። አክብሮቱ እየተስፋፋ ሄዶ በ17ኛው መቶ ዓመት «ዛው» ከተራው ንግግር እየወጣ መጣ። «ዩ» ለአንድም ለብዙም ሲሆን ግን ለማን እንደተባለ መለየት አስቸገረ። ስለዚህ በየአካባቢው መለያ ተፈጠረ፦ በአሜሪካ ደቡብ «ያል»፣ በፒትስበርግ «ዪንዝ»፣ በአብዛኛው ቀሪ አገር «ዩ ጋይዝ»።

እናትዎ ብቻቸውን ቢገቡ ኖሮ አስተናጋጇ «ጋይ» አትላቸውም ነበር። ይህ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይወስደናል።

ታዲያ ሴትን «ጋይ» ማለት ይቻላል?

ነጠላው አይቻልም። «አ ጋይ» ሁልጊዜ ወንድ ነው፤ የእኛ «ሰውዬ» ይቀርበዋል። ብዙ ቁጥሩ ሁለት ጠባይ አለው። ፊት ለፊት ሲጠሩበት («ሄይ ጋይዝ»፣ «ዩ ጋይዝ») ሁሉንም ያጠቃልላል፤ «እናንተዬ» እንደምንለው። በሌለበት ስለ ሰው ሲያወሩ ግን ወደ ወንድነቱ ይመለሳል፦ «ስንት ጋይዝ መጡ?» ያለ ሰው በአብዛኛው ወንዶቹን እየጠየቀ ነው።

ለመጥሪያም ቢሆን ሁሉም አይወደውም። ሴቶች ባሉበት የሥራ ስብሰባ «ጋይዝ» መባልን የሚቃወሙ አሉ፤ ቅሬታቸውም መሠረት አለው፣ ቃሉ ነጠላ ሲሆን አያካትታቸውምና። ለሥራ ደብዳቤ «ሃይ ኦል» ወይም «ሃይ ኤቭሪዋን» ይጻፉ። ለማያውቁት ቀጣሪ ደግሞ «ዩ ጋይዝ» ብለው አይጻፉ፤ «ዩር ካምፓኒ» ወይም «ዩር ቲም» ይበቃል።

ቃሉ ከሰው ስም የመጣ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ያውም ከተያዘ ሴረኛ ስም። ጋይ ፎክስ በ1570 በእንግሊዝ ዮርክ ውስጥ ተወለደ። በሮበርት ኬትስቢ የሚመሩ ካቶሊኮች ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስን ከነፓርላማው ለማፈንዳት ሲያሴሩ ባሩዱን እንዲጠብቅ የተመደበው እሱ ነበር፤ በስፔን ጦር ውስጥ ያገለገለ ወታደር ስለሆነ ስለ ባሩድ ያውቃል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 5 ቀን 1605 ሊገባ እኩለ ሌሊት ገደማ ከላይኛው ምክር ቤት ሥር ከ36 በርሜል ባሩድ ጋር ተያዘ። ሲያዝ ስሜ ጆን ጆንሰን ነው አለ፤ ግርፋቱና ሥቃዩ ሲበረታበት እውነተኛ ስሙን ተናገረ። በጃንዋሪ 1606 ተገደለ።

ንጉሡ የተረፈበት ዕለት በሕግ የምስጋና ቀን ሆነ፤ ሕጉም እስከ 1859 ጸንቶ ቆየ። ሕዝቡ በዚያ ሌሊት እሳት እያነደደ ከገለባና ከቡትቶ የተሠራ የፎክስ ምስል ያቃጥል ነበር፤ ምስሉም «ጋይ» ተባለ። ልጆች ምስሉን ይዘው በየመንገዱ «ለጋይ አንድ ፔኒ» እያሉ ይለምኑ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ቃሉ አለባበሱ የሚያስቅ ሰው ወደ መባል ተሻገረ፤ አሜሪካ ሲደርስ ስድቡ ረግፎ ተራ «ሰውዬ» ሆነ። እንግሊዞች ኖቬምበር 5 ሲደርስ ዛሬም ርችት ይተኩሳሉ።

ስናገር ይስቁብኛል። አነጋገሬ ላይ ምን ስህተት አለ?

ሁለት ቦታ ያዳልጣል። አንደኛው አናባቢው ነው፦ አፍዎን ከፍተው «ጋ» ብለው ጀምረው ወደ «ይ» ይንሸራተቱ። ከ«ጌ» ከጀመሩ «ጌይ» ይሆናል፤ እሱ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ማለት ነው። ሁለተኛው መጨረሻው ነው፦ የአዲስ አበባ ወጣት «ጋይስ» ይላል፣ እንግሊዝኛው ግን «ጋይዝ» ነው። የብዙ ቁጥር ምልክቱ ከአናባቢ በኋላ «ዝ»፣ እንደ «ት»፣ «ክ»፣ «ፕ» ካሉ ድምፆች በኋላ «ስ» ሆኖ ይሰማል፦ «ቦይዝ»፣ ግን «ካትስ»።

ሰዋስው ላይ ደግሞ «ዩ ጋይዝ አር» እንጂ «ኢዝ» አይባልም። «የእናንተ ቤት» ለማለት «ዩር ጋይዝ ሃውስ» ሲሉ ይሰማሉ፤ ሲጽፉ «ዩር ሃውስ» ብቻ ይበሉ።

«ዋይዝ ጋይ» ብልህ ሰው ነው?

ተቃራኒው ይቀርበዋል፤ «አውቃለሁ ባይ» ነው፣ ብዙውን ጊዜ ለነገረኛ ሰው የሚወረወር። በአሜሪካ የማፊያ አባልም እንዲሁ ይባላል። «ፎል ጋይ» የሌላው ጥፋት የሚላከክበት ሰው ነው።

የድንኳን ገመድ «ጋይ ሮፕ» መባሉስ ከፎክስ ጋር ይገናኛል?

አይገናኝም። እሱ ከመርከበኞች የመጣ ሌላ ቃል ነው፤ አጻጻፉ ብቻ ተገጣጠመ። የድንኳን አውታር ወይም የአንቴና ምሰሶ ግራ ቀኝ ወጥሮ የሚይዘው ሽቦ ሁሉ «ጋይ» ይባላል።