መልስ፦ የሰፈር ታሪክ ከሻይ ጋር

"ጎንደር ላይ ሰፈርተኛውን ከሰዓት በኋላ በሻይ ሰብስቤ ስለ ከተማችን ታሪክ ላስወራ ነው፤ ከምን ልጀምር?" ላልሽው፣ ከአፄ ፋሲል አትጀምሪ እህቴ። ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1636 እንደቆረቆሩ ሁሉም ተምሮታል።

ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ጀምሪ። እ.ኤ.አ. በ1888 ከሱዳን የመጣው የድርቡሽ ጦር የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ሥላሴ ተርፏል። አዛውንቶቹ "ንብ ነው ያባረራቸው" ይላሉ። ይሄ ሲነሳ ዝም ያለው ሁሉ አፉን ይከፍታል። እኛ ሰፈር አንድ አባባ ብርጭቆውን እንደያዙ ሲያወሩ ሻዩ በረዶ ሆነ፤ ሁለቴ ቀየርንላቸው፣ ሁለቴም ረሱት።

ሻዩ ቀረፋና ቅርንፉድ ይኑረው። ዳቦ ቆሎ ይበቃል፣ ኬክ ምን ያደርጋል? ማይክራፎን ግን በፍጹም፤ ሰው ይሸማቀቃል። ዘጠኝ ሰዓት ጥሩ ነው።